አስካል

ከዚራ፣ ቀበሌው፣ መስኮት ቁጥር ሦስት፣
ቬንቲሌተር ሙቀቱን በሙቀት የሚመታበት፣
እኔ ስም ጸሐፊ፣ ብዕሬ የሚያልበው፣
ስንቱን ሰው አሳለፍኩ፣ ስሙን ሳልጠይቀው።

«አስካለች» ብዬ ጻፍኩ፣ እጄ እንደለመደው፤
ጣቷን ሰደደችና ፊደሉን ነካችው፤
«ይቺን ‹ች› አውጣልኝ፣ እኔ አልጨመርኳትም፤
አስካል ነው ያለኝ አባቴ፣ ሌላ ስም የለኝም።»

«ምን ማለት ነው?» አልኳት።
ከኋላዋ ያለው ሰልፍ አጉረመረመ።
«ቅዳሜ ና» አለች፣ «ከባቡር ቤቶቹ፣ ከጥቁሩ በር።
ስም በመስኮት አይፈታም።»

ሄድኩ። ሐዲድ ተቆርጦ የቆመ ምሰሶ፣
ወይን ተጠምጥሞበት፣ ሰማዩን ጨርሶ፤
ከሥሩ ባልዲ፣ መቀስ፣ አንድ እግሩ የላላ ወንበር፣
ውጪ ሃሩር፣ እዚህ ውስጥ አረንጓዴ ብርሃን ነበር።

«ሙሴ ያኒ ተከለው፣ አባቴ ጥላዬ አጠጣው፤
ሙሴ ያኒ አገሩ ገባ፣ አባቴን አፈር በላው፤
ወይኑ ግን የትም አልሄደ።
የመጀመሪያ ፍሬው የታየ ሰኔ፣
የቤቱ መጀመሪያ፣ እኔም መጣሁ እኔ።
አባቴ ቆርጦ ወሰደ ለመሪጌታ፣ በሸማው ጠቅልሎ፣
‹ይህ በግእዝ ማን ይባላል?› ብሎ።
‹አስካል› አሉት፣ አንዲቱን ፍሬ እያኘኩ።
ከዚያ ወዲህ እሱም አልጠየቀ፣ እኔም አልጠየቅኩ።»

ማታ መዝገበ ቃላት ገለጥኩ፦
አስካል፦ የወይን ዘለላ።
ይኸው ነው። ነጥብ።

ዘለላማ የሁሉም ነው፣ ማንም ይበደረዋል፤
ሙዝ ዘለላ አለው፣ ፀጉርም ዘለላ አለው፣
ከዓይን የወረደ ውሃ እንኳ በዘለላ ይቆጠራል።
ያኛውን ግን ገበሬው ጣለው፣ ነጋዴው ጣለው፤
ሴቶች አንስተው እንደ ማተብ አንገታቸው ላይ አሰሩት፣
ምን እንደሆነ ሳያውቁ
ስንት ዘመን ጠበቁት።

ከገና ማግስት ትገርዘዋለች።
ከተቆረጠው ጫፍ ውሃ ጠብ ይላል፤
ላብሰው እጄን ስሰድ
«ተወው» ትላለች፣ «ያላለቀሰ ሐረግ መች ያፈራል?»
የቱን ሐረግ እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤
የወይኑን ነው፣ የዘሩን ነው፣ ወይስ እኔ የምጽፈውን።

ሰኔ ሲገባ ልጆች በሯን ይሞላሉ።
«እትዬ፣ አንድ ዘለላ!»
«ዘለላ የለኝም።»
«ወይን ስጪን አቦ!»
«ወይንም የለኝም።»
ሙክታር፣ የልብስ ሰፊው የአብዲ ልጅ፣
የፊት ጥርሱ የወለቀ፣
በክፍተቱ በኩል ቃሉን እያሾለከ፦
«አሽካል!»
«ሷን አጥብቃት።»
«አ—ስካል!»

ያን ጊዜ መቀሱ ይጮኻል፤
አንድ ሙሉ መዳፉ ላይ ይወድቃል፣
ጥቁር፣ ሙቅ፣ የደቻቱን አቧራ የለበሰ።
ዋጋው ይኸው ነው። ሳንቲም አትቀበልም።
አዛን ሲል ሙክታር ቃሉን እያላመጠ ይሮጣል፤
የመሪጌታው ቃል
በልብስ ሰፊው ደጅ፣ በክር ቁርጥራጭ መሀል
ዘሩን እንትፍ ይላል።

እኔም ከዚያ ወዲህ መስኮቴ ላይ
ስም በጻፍኩ ቁጥር ቀና እላለሁ፦
«ምን ማለት ነው?»
አንዳንዱ ይስቃል። አንዳንዱ አባቱን ያነሳል።
አንዱ «ምን አገባህ?» አለኝ፤ እውነቱን ነው።

ባለፈው እሁድ ቀፊራ፣ ቲማቲም ስመርጥ፣
ከጎኔ ያ ልጅ፣ ሳንቲም በጭብጡ፣
ጥርሱ ግማሽ ድረስ በቅሎለት፦
«አስካል ስንት ነው?» አለ።

ባለ ወይኗ ግራ ቀኟን አየች፣
ዝንብ እያባረረች፦
«የኔ ልጅ፣ አስካል እኮ የለችም፤
ሐረር ወጥታለች፣
ማታ ትመለሳለች።»